ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ ውሃ ዳር፦ ቢሾፍቱ ይሻላል ሐዋሳ?

ባሕር ለሌለው አገር ሰው «ቢች» ማለት ሐይቅ ዳር ነው። በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ኮየ ፈጨና ገላን ለሚኖር ሰው ደግሞ ጥያቄው ብዙ ጊዜ ሁለት ከተማ ላይ ያርፋል፤ ቢሾፍቱ ወይስ ሐዋሳ? አብዛኛው ሰው በኪሎ ሜትር ያወዳድርና ቢሾፍቱን ይመርጣል። በኪሎ ሜትርማ ከሆነ ውድድርም የለም። ቢሾፍቱ ከቱሉ ዲምቱ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ግን ከተማው መድረስና ውሃው ጋ መድረስ ለየቅል ናቸው።

መንገዱን እናስቀድም። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የዚህ ሰፈር ሰው ዕድለኛ ነው፤ መግቢያው ደጃፉ ላይ ነው። ሲገቡ ካርድ መቀበል፣ ሲወጡ መክፈል ነው፤ ባጃጅ አይገባበትም። ቅዳሜ ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ከወጣችሁ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል። እሑድ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ስትመለሱ ግን መክፈያው ላይ ያለው ሰልፍ ከጉዞው ሊበልጥ ስለሚችል፣ ወይ 9 ሰዓት ላይ ውጡ ወይ እራት በልታችሁ ተመለሱ። ሌላው ጉዳይ ጎማ ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በፍጥነት መንገድ ላይ ጎኑ እየታጠፈ እየተዘረጋ ይግላል፤ ያረጀ ከሆነ ደግሞ ይፈነዳል። ንፋሱን ጠዋት ጎማው ቀዝቃዛ እያለ አስለኩ፤ ትርፍ ጎማውንም አብራችሁ። መኪና የሌለው ሰው ቃሊቲ መናኸሪያ ቢሄድ ይሻለዋል። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ላይ ቆሞ ከመጣው መኪና ጋር መጋፋት በተለይ ልጅ ለያዘ ሰው አይመከርም፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ነው የሚመጣው።

ቢሾፍቱ ላይ ችግሩ ከመንገድ በኋላ ይጀምራል። ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሆራና ባቦጋያ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በቦረቦራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ውሃዎች ናቸው። ጎድጓዳ ድስት አስቡ፤ ከተማው ጠርዙ ላይ ነው፣ ውሃው ከታች። ቡናውን ይዞ ከሰገነት ቁልቁል ለሚያይ ሰው ቢሾፍቱን የሚያህል የለም። ውሃውን መንካት ለሚፈልግ ግን ደረጃ አለበት፤ ጉልበቷን የሚያማት እናት ይዞ የሚሄድ ሰው ቦታ ከመያዙ በፊት «ውሃው ጋ ለመድረስ ስንት ደረጃ አለው?» ብሎ ይጠይቅ። ዳርቻውም በአብዛኛው በሆቴል፣ በሪዞርትና በግል ግቢ ተይዟል። በነፃ ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግርን ውሃ ውስጥ መንከር እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም።

የአሸዋ ዳርቻ የሌለውም በዚሁ አፈጣጠር ምክንያት ነው። አሸዋ የሚያመጣ ትልቅ ወንዝ አይገባም፣ መሬቱም ቀስ እያለ አይጠልቅም። የባቦጋያ ጥልቀት ወደ 65 ሜትር፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ ወደ 87 ሜትር ተለክቷል። ከዳር ጥቂት ርምጃ እንደተሄደ እግር መሬት ሊያጣ ይችላል ማለት ነው። ዋና የማይችል ሰው «ዳር ዳሩን» ብሎ የሚዝናናበት ውሃ አይደለም፤ ልጆች ደግሞ ያለ ላይፍ ጃኬት ወደ ጀልባ መጠጊያው መጠጋት የለባቸውም። ላይፍ ጃኬቱን ተቀብሎ ማጥለቅ ብቻውን አይበቃም። ትከሻው ላይ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ አገጭንና ጆሮን አልፎ ከወጣ ሰፍቷል፣ ውሃ ውስጥ ልጁ ከሥር ሾልኮ ይወጣል። የሚቆለፈው ፕላስቲክ የተሰበረበትን በገመድ አስረው ቢሰጧችሁ መልሱት።

ዋና ለሚችል ሰው ባቦጋያ ከሁሉም ይሻላል፤ ካያክም ለመቅዘፍ ነፋሱ ሳይነሳ ጠዋቱ ጥሩ ነው። ሐይቆቹ በወንዝ የሚወጡበት ስለሌላቸው ውሃቸው ሶዳነት አለው፤ ከዋና በኋላ በንጹሕ ውሃ ካልታጠቡና ቅባት ካልተቀቡ ቆዳ ይደርቃል። አንድ ሌላ ነገር ልብ በሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ በጣም ሲቀዘቅዝ ላይኛው ውሃ ከብዶ ይወርድና ኦክስጅን ያጣው የታችኛው ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ዓሣ ይሞታል፣ ውሃውም ይሸታል። ዳሩ ላይ የሞተ ዓሣ ተንሳፎ ካያችሁ የዚያን ቀን አትግቡ።

ሆራ አርሰዲ ከመስቀል ማግስት ባለው እሑድ ኢሬቻ የሚከበርበት ቦታ ነው። ለበዓሉ ካልሆነ በቀር በዚያ ሰሞን በቢሾፍቱ በኩል ለመዝናናት አትውጡ፤ መንገዱ ይሞላል፣ ይዘጋልም። ልጆች ለያዘ ቤተሰብ ኩሪፍቱ ሐይቅ ዳር ያለው የውሃ መጫወቻ ከሐይቁ ዋና ይመረጣል። ጨለለቃ ለወፍ እንጂ ለዋና አይሆንም።

የትም ብትሄዱ ደውላችሁ ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ የመግቢያው ክፍያ ከምግብ ሒሳብ ይቀነሳል ወይ፣ ዋናው በሐይቁ ነው በገንዳ፣ ጀልባው ለብቻው ይከፈልበታል ወይ። ሜኑው ላይ ያለው ዋጋ 15 በመቶ ቫትንና የአገልግሎት ክፍያን ላይጨምር ስለሚችል እሱንም ጠይቁ። አራት ሰው በልቶ ሲነሳ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ሐዋሳ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ናት። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ ከገብርኤል አደባባይ የሚነሳው ዋና መንገድ በቀጥታ ሐይቁ ጋ ይደርሳል። ባጃጅ ካልፈለጋችሁ በእግር ይኬዳል፣ ብስክሌትም አለ። ውሃው ወደ ከተማው እንዳይገባ የተሠራው የአፈር ግድብ ራሱ መናፈሻ ሆኗል፤ ማታ ማታ ተማሪው፣ ፍቅረኛው፣ ቆሎ ሻጩ፣ ፎቶ አንሺው ሁሉ እዚያ ነው። ጉዱማሌም፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ሜዳ፣ ሐይቁ ዳር ነው። ተራ ሰው ብር ሳያወጣ ፀሐይ ስትጠልቅ ውሃ ዳር መቀመጥ መቻሉ ለእኛ ከሁሉ የሚበልጥ መመዘኛ ነው፤ በዚህ ሐዋሳ ቢሾፍቱን በሩቁ ትበልጣለች።

አሞራ ገደል ጠዋት መሄድ ግዴታ ነው በሉት። አስጋሪዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመጡ ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) እዚያው ይላጣል፤ ቢላዋው ከጅራት ወደ ራስ ሲሄድ ቅርፊቱ እንደ ብልጭልጭ ወረቀት ይበተናል። ሆዱ ተቀዶ አንጀቱ ሲወረወር አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ከሰው አጠገብ ቆሞ ይቀልባል። ጥብሱ የሚጥመው ጎንና ጎኑ በቢላዋ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ተደርጎ ዘይቱ እስኪገባበት ሲጠበስ ነው፤ ሾርባውንም አትለፉት። ጥሬውን በዳጣ የሚበሉ ብዙ ናቸው፤ የሐይቁ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል ግን የበሰለውን እንመክራለን። ስትመርጡ ዓይኑ ጥርት ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ ይሁን።

ዋና ግን ሐዋሳ ላይ የለም ብላችሁ ተነሱ። ሐይቁ ቢልሃርዝያ አለበት። ዳር ዳሩ ባለው ሣር ውስጥ ከሚኖር ቀንድ አውጣ የሚወጣው እጭ ውሃ ሳይጠጡም በቆዳ ይገባል፤ እስከ ጉልበት ገብቶ ፎቶ መነሣትም ይበቃዋል። የገባ ሰው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ይመርመር፤ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው። ወዲያው በሚቀጥለው ቀን መመርመር ላያሳይ ይችላል። ጉማሬም አለ። ጉማሬ ለማየት በጀልባ ስትወጡ ከመነሳታችሁ በፊት ዋጋውን በሰው ነው ወይስ በጀልባ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሆነም ተነጋገሩ፤ ባለጀልባው በጣም እንዲጠጋ አትገፋፉት።

አሸዋና ዋና ለሚፈልግ ሰው መልሱ በሁለቱ መካከል ያለው ላንጋኖ ነው። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሐዋሳ መንገድ ላይ። ውሃው ቡናማ በመሆኑ ሰው ይሸሸዋል፤ ቀለሙ የደለል እንጂ የቆሻሻ አይደለም፣ ከቢልሃርዝያም ነፃ እንደሆነ ነው የሚታወቀው። ዳርቻው በብዙ ቦታ ቀስ እያለ ስለሚጠልቅ ለልጅም ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳና ማዕበል ስለሚኖር ዋናውን ጠዋት አድርጉት።

ስለዚህ ለአንድ ቀን ከሆነ ቢሾፍቱ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ማደር ከቻላችሁ ሐዋሳ። ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ሐዋሳ መሄድ ገንዘብንም ሾፌርንም ማድከም ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ (ዝዋይ) ያለው የፍጥነት መንገድ ብዙ አሳጥሯል። ከዚያ ወዲያ በአሮጌው መንገድ በቡልቡላ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ ለሚያልፍ ሰው ግን ጋሪ፣ ከብትና ባጃጅ ይጠብቀዋል፤ ሲመሽ ደግሞ ጋሪው መብራት የለውም። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ በዚያ ሰሞን የተመላለሰ ሾፌር ጠይቁ፣ ሳይጨልምም ግቡ።

ዓሣ ይዛችሁ ለመመለስ ካሰባችሁ ሆዱ ተከፍቶ በደንብ የታጠበውን ግዙ፤ ዓሣ መጀመሪያ የሚበላሸው በአንጀቱ በኩል ነው። በፌስታል ጠቅልሎ የመኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ መጣል ቱሉ ዲምቱ ሳይደርስ ያገማዋል። በረዶ በሞላ ክዳን ባለው ሳጥን ውስጥ አንድ ንብርብር በረዶ፣ አንድ ንብርብር ዓሣ እያደረጋችሁ ደርድሩት፤ የሚቀልጠው ውሃ እንዲወርድ ከሥሩ መያዣ አድርጉለት፣ ቤት እንደደረሳችሁም የዚያኑ ዕለት ጥበሱት።