የራዲያተር ፋን ከ11 ወር አገልግሎት በኋላ፦ ፋኑ፣ ማሳው እና ሬዚስተሩ

ከ11 ወር በፊት የመኪናዬን የራዲያተር ፋን ከነዲናሞው (ፋኑን ከሚያዞረው ኤሌክትሪክ ሞተር ጋር)፣ ከነፕላስቲክ መከለያውና ከነሬዚስተሩ (ፋኑ ቀስ ብሎ እንዲዞር ኤሌክትሪኩን ከሚቀንሰው ዕቃ ጋር) በአዲስ ቀየርኩ። ዕቃው የመኪናው አምራች የሚያቀርበው ሳይሆን ሌላ ፋብሪካ በተመሳሳይ ልክ የሠራው ነው። ይህን ግምገማ በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌው ቢሆን ኖሮ ፋኑን አቅመ ቢስ ብዬ እፈርድበት ነበር፤ ፍርዱም ስሕተት ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ ፋኑን ያደከመው የመኪናዬ የማሳ ገመድ (ኤሌክትሪኩን በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመልሰው) እንጂ የራሱ ጉድለት አልነበረም።

ችግሩ የታየኝ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ቆሜ፣ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ነበር። የሙቀት መለኪያው ከመሀል አልፎ ይወጣል፤ መንገዱ ተከፍቶልኝ በፍጥነት ስነዳ ደግሞ መልሶ ይወርዳል። ይህ ልዩነት ፋኑን እንድጠረጥር አደረገኝ፤ መኪና በፍጥነት ሲሄድ ከፊት የሚገባው ነፋስ ብቻውን ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋልና። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ለማቀዝቀዣው ፈሳሽ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍተው ቫልቭ) አልከፍት ብሎ ወይም የውኃ ፓምፑ ደክሞ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ በጉዞ ላይም፣ በተለይም ዳገት ስወጣ፣ በጨመረ ነበር። የኩላንቱን (የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ) መጠን ያየሁት ሞተሩ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በክዳኑ ግፊት ታፍኖ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ ኩላንት ክዳኑ ሲከፈት ወዲያው ፈልቶ ስለሚወጣና ፊትና እጅን ክፉኛ ስለሚያቃጥል፣ በዚህ ላይ ማንም እንዲቸኩል አልመክርም።

ቀጥሎ ኤሲውን አበራሁ፤ መሽከርከር የነበረበት ፋን ጸጥ አለ። ፊውዙ ደኅና ነበር፤ ሪሌዩን (በኮምፒውተሩ ትእዛዝ የፋኑን ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን ማብሪያ) ተመሳሳይ ቁጥር ካለው ከሌላ ሪሌይ ጋር ባቀያይረውም ለውጥ አልመጣም። ከዚያ የኩላንት ሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት ነቀልኩ። በብዙ መኪኖች ኮምፒውተሩ የሴንሰሩን መልእክት ሲያጣ ለጥንቃቄ ሲል ፋኑን በከፍተኛ ፍጥነት እንዲሠራ ያዛል፤ በእኔም መኪና ሪሌዩ «ቀጭ» ሲል ሰማሁ፣ ፋኑ ግን አልተንቀሳቀሰም። ትእዛዙ እስከ ሪሌዩ ድረስ በትክክል እየደረሰ ስለነበር ብልሽቱ ከሪሌዩ ወዲያ ነው ማለት ነው። በመጨረሻ ፊውዝ ባለው ገመድ ዲናሞውን ከባትሪ ጋር በቀጥታ ሳገናኘው ዝም አለ፤ ጀርባውን በመፍቻ እጀታ ቀስ አድርጌ ስመታው ግን መዞር ጀመረ። ይህ ያለቀ ካርቦን (በዲናሞው ውስጥ ለሚዞረው ክፍል በመነካካት ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) ምልክት ስለሆነ አዲስ ፋን መግዛቴ ተገቢ ነበር። እንዲህ ያለ ምርመራ የሚያደርግ ሰው፣ ፋኑ ሞተሩ ጠፍቶም ሳይታሰብ ሊነሣ ስለሚችል፣ እጁን ከምላጮቹ ማራቅ አለበት።

አዲሱ ፋን በቦታው በቀላሉ ገጠመ። በራዲያተሩ ፊት የያዝኩት ስስ ወረቀት ወደ ውስጥ ስለተሳበ በትክክለኛው አቅጣጫ እንደሚዞርም አረጋገጥኩ፤ የዲናሞው ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቢገለባበጥ ፋኑ ወደ ኋላ ዞሮ ነፋሱን በተቃራኒው ይገፋ ነበር። ይሁን እንጂ መንገድ ሲጨናነቅ ሙቀቱ ቀስ እያለ እስከ 104 ዲግሪ ይወጣ ነበር፤ መኪናው ጤነኛ በነበረበት ጊዜ ግን ከ98 አያልፍም ነበር። ፋኑ ይዞራል፣ ነፋሱ ግን ደካማ ነው። ዕቃውን ለመመለስ ወስኜ ከማሸጊያው ጋር አዘጋጅቼው ነበር።

ያዳነኝ ሁለተኛው ልኬት ነው። የመጀመሪያውን የለካሁት ሶኬቱን ነቅዬ ስለነበር መልቲሜትሩ የባትሪውን ቮልቴጅ በሙሉ ማለት ይቻላል አሳይቶኛል። በግማሽ የተደፈነ ቧንቧ መክፈቻው ሲዘጋ ግፊቱ ሙሉ እንደሚመስለው ሁሉ፣ የዛገ ገመድም ጭነት እስካልተጫነበት ድረስ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ሞተሩን አስነሥቼ፣ ፋኑ በከፍተኛ ፍጥነት እየዞረ ለካሁ፤ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት፣ ፋኑ ሶኬት ላይ ግን 10.4 ብቻ ነበር። በፖዘቲቩ በኩል የጠፋው 0.3 ነው፤ የቀረው 3.1 ቮልት በሙሉ የሚጠፋው በማሳው በኩል፣ ገመዱ ከቦዲው ጋር በብሎን በሚታሰርበት ቦታ ነበር። ብሎኑን ፈትቼ ዝገቱን እስከ ንጹሕ ብረት ፍቄ፣ አዲስ ተርሚናል አስገብቼ መልሼ አሰርኩት። የማሳው ኪሳራ ወደ 0.1 ቮልት ወረደ፤ ያው ፋን ያን ቀን ሌላ ፋን ሆነ። ከዚያ ወዲህ በከባድ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ 98 ዲግሪን ሲያልፍ ያየሁት በአንድ አጋጣሚ ብቻ ነው፤ በዚያም ጥፋቱ የፋኑ ነበር።

ጥፋቱ በሰባተኛው ወር የመጣው የሬዚስተር ብልሽት ነው። በእኔ መኪና ዝቅተኛው ፍጥነት የሚገኘው ኤሌክትሪኩ በሬዚስተር ውስጥ ሲያልፍ ነው፤ ከፍተኛው ግን ሬዚስተሩን ሳይነካ በቀጥታ ይሄዳል። ሬዚስተሩ ሲቃጠል ዝቅተኛው ፍጥነት ብቻ ይጠፋል፤ ስለዚህ ሙቀቱ እስከ 105 ዲግሪ ድረስ በዝምታ ይወጣል፣ ከዚያ ፋኑ በከፍተኛ ጩኸት ይነሣል፣ አቀዝቅዞ ይቆማል፣ ዑደቱም ይደገማል። ይህን የሚሰማ ሰው ፋኑ ይሠራል ብሎ ሊዘናጋ ይችላል፤ ሞተሩ ግን በየጊዜው ሳያስፈልግ እየሞቀ ነው፤ ሙቀቱ እየተደጋገመ ከልክ ካለፈ ደግሞ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛውን ክፍል) ሊያጣምም ይችላል። በዝቅተኛው ፍጥነት ጊዜ ወደ ሬዚስተሩ ኤሌክትሪክ ይገባል፣ በወዲያኛው ጫፍ ግን አይወጣም፤ ነቅዬ ስለካውም ከ1 ኦም በታች ማሳየት የነበረበት ክፍል ፈጽሞ ተቋርጦ አገኘሁት። ሬዚስተሩ ለብቻው ስለሚሸጥ ፋኑን ሳላወርድ ቀየርኩት፤ ሆኖም በሰባት ወር መቃጠሉ የዕቃውን ጥራት ዝቅ ያደርግብኛል፤ አሮጌው ከመኪናው ጋር የመጣው ሬዚስተር ለዓመታት አገልግሎኛልና።

ዲናሞው ራሱ ግን ምንም አላሳፈረኝም። በከፍተኛ ፍጥነት በመጀመሪያው ወር 14.2 አምፔር ይስብ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት 14.5 ለካሁ። ሽክርክሪቱ እየተያዘ ቢሆን ይህ ቁጥር ከዚህ በጣም በላይ ያድግ ነበር። ድምፁ ከአሮጌው ትንሽ ይበልጣል፣ ግን አያስቸግርም። ከመከለያው አራት የፕላስቲክ ጆሮዎች አንዱ ስንጥቅ አውጥቷል፤ ሦስቱ አጥብቀው ስለያዙት አልነካሁትም፣ ዘይት በቀየርኩ ቁጥር ግን ስንጥቁ ማደጉን አያለሁ፣ የማሳውንም ቮልት ፋኑ እየዞረ እለካለሁ። ዛሬ ብገዛ ይህንኑ ፋን እገዛለሁ፤ አብሮት የሚመጣውን ሬዚስተር ግን ከመግጠሜ በፊት አውጥቼ የአሮጌውን በቦታው እመልስበታለሁ።