ናቲን ላደርስ ሄጄ የቀረሁበት የቴኳንዶ ክለብ

ከጥቅምት ወዲህ ሦስት ሴቶች «እስቲ የምትሄጂበትን ቦታ ንገሪን፣ ደህና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ናቸው፣ አንዷ የልጅነት ጓደኛዬ። ለአንዷ «ዛሬውኑ ተመዝገቢ» አልኳት፣ ለሌላዋ «ተይው፣ ይቅርብሽ»፣ ለሦስተኛዋ «እደውልልሻለሁ» ብዬ ሳልደውል ቀረሁ። የዋሸሁት ማናቸውንም አይደለም። እንዲያው አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ክለቡ ጀሞ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የማማርርበት ነገር አለኝ፣ ሰዎቹን ደግሞ እወዳቸዋለሁ። የሚያስተምሩት አይ ቲ ኤፍ የሚባለውን ነው፤ ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በ1966 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ፌዴሬሽን የሚከተለውን። ኦሎምፒክ ላይ የምናየው፣ ሰለሞን ቱፋ ቶኪዮ ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ የተጋጠመበት፣ ሌላው ነው፤ ወርልድ ቴኳንዶ። እዚያ ፊት ላይ በቡጢ መምታት ክልክል ነው፣ እዚህ ይፈቀዳል። ልጄን ናቲን ሳስመዘግብ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ሁሉም ቴኳንዶ ቴኳንዶ ነው ብዬ ነበር። ልጃችሁ ኦሎምፒክ ኦሎምፒክ የሚል ከሆነ ከዋጋው በፊት ይህን ጠይቁ።

የጀመርነው መስከረም 2016 ነው። ናቲ ሰባት ዓመቱ፣ እኔ ሠላሳ ሰባት፣ ክብደቴ 83 ኪሎ። ባንክ ነው የምሠራው፤ ጠዋት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ማታ ከወንበር እነሣለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ ለዘበኛው ሰላምታ የምመልስበት ትንፋሽ አልነበረኝም፤ በእጄ ነበር የምመልሰው። በሳምንት ሦስት ቀን አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስልኬን እየነካካሁ ልጄን እጠብቃለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ማስተሩ፣ ዋናው አሠልጣኝ፣ መጣና «የናቲ እናት፣ እዚህ ቁጭ ብለው ከሚበርድዎት ጥግ ላይ ቆመው ይንቀሳቀሱ፤ አናስከፍልዎትም» አለኝ። ከወር በኋላ አስከፈለኝ፤ ያን ጊዜ ግን ወድጄው ነበር።

ቆጠራው በኮሪያኛ ነው፤ ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት እያለ ይሄዳል። የመጀመሪያ ቀን ማስተሩ «ሃና!» ብሎ ሲጮህ ከፊቴ የቆመችውን ልጅ የጠራ መሰለኝ። «ዱል» ሲል ዱላ ሊያስመጣ ነው አልኩ። «ሴት!» ሲልማ ከእኔ ሌላ ትልቅ ሴት ስላልነበረ «አቤት!» አልኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ናቲ ሁለት ቀን ሙሉ ከእኔ ጎን አልቆመም።

ለእኔ ከእርግጫው ይልቅ የከበደኝ ሰልፉ ነው። ሰልፍ የሚያዘው በቀበቶ እንጂ በዕድሜ አይደለም፤ ነጭ ቀበቶ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ከፊቴ አሥራ ሁለት ዓመት ያልሞላው ባለ ቀይ ቀበቶ ልጅ አለ፣ ጎንበስ ብዬ ሰላም የምለው እኔ ነኝ። ልጁ ግን የቤቱን አስተዳደግ ጫማ ማውለቂያው ጋ ትቶት አልገባም። ሊያርመኝ ሲመጣ «የናቲ እናት፣ ይቅርታ፣ ጉልበትዎን ትንሽ አጠፍ ያድርጉት» ይለኛል፤ አርሞኝ ሲጨርስ ደግሞ እሱም ጎንበስ ይላል፣ እኔም እላለሁ፣ ማን ለማን እንደሰገደ ሳይለይ እንለያያለን። ማስተሩ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ምንጣፉ ላይ «አንቺ» ነኝ፤ ጫማዬን ሳደርግ «እርስዎ»። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ሥራ ቦታም እንዲህ ቢሆን ብዙ ነገር ያቀልል ነበር።

ትምህርቱን በተመለከተ አፌን ሞልቼ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍነው በአቋቋም ብቻ ነው። የእርምጃ አቋቋም የሚባለው አለ፤ የፊትና የኋላ እግር ርቀት የትከሻን ስፋት አንድ ተኩል ጊዜ ያህላል፣ የጎን ስፋቱ ደግሞ አንድ ትከሻ ነው፣ የፊት ጉልበት ይታጠፋል፣ የኋላው ቀጥ ይላል። በወረቀት ሲነበብ ምን አላት። ለአሥር ደቂቃ ወደፊትና ወደኋላ ሲኬድበት ግን ጭን ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቻን ጂ መጣ፤ የመጀመሪያው ንድፍ (በቅደም ተከተል በቃል የሚሠራ የእንቅስቃሴ ድርድር)፣ 19 እንቅስቃሴ፣ ሰማይና ምድር ማለት ነው ይላሉ። ናቲ በሁለት ሳምንት ያዘው። እኔ አራት ወር ፈጀብኝ፤ ቡና እየወቀጥኩ ሳይቀር በእግሬ እለማመድ ነበር።

እርግጫ ላይ ያስተማሩኝን አንድ ነገር ግን ሌላ ቦታ የሚሠሩም ይስሙት። በጎን ዞሮ የሚመታው፣ ዶልዮ ቻጊ የሚሉት፣ ጉልበት ይበላል። የሚበላውም የሚመታው እግር ጉልበት ሳይሆን የቆማችሁበት ነው። የቆመው እግር በፊት መዳፉ ላይ ዞሮ ተረከዙ ወደሚመታው ሰው ካላየ ዳሌ አይከፈትም፤ ዳሌ ካልተከፈተ ጥምዘዛውን የሚሸከመው ጉልበት ነው። ሰባተኛው ወር ላይ የግራ ጉልበቴ ደረጃ ስወርድ ይወጋኝ ጀመር። ማስተሩ ከኋላዬ ቆሞ ሁለት እርግጫ አየና ለሦስት ሳምንት መምታት ከለከለኝ፤ ግድግዳ ይዤ ተረከዜን ማዞር ብቻ። አሰልቺ ነበር። ሕመሙ ግን ለቀቀኝ።

አሁን ወደ ምሬቴ። ማስተሩ በሌለበት ቀን የሚያሠሩን ረዳቶች ናቸው፤ ጎበዞች ናቸው፣ ልጆችም ናቸው። አንዱ ሰውነታችን ሳይሞቅ እግር አስከፍቶ ያስቀምጠንና ከኋላ ወገባችንን ይጫናል። ለአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይሆን ይሆናል። እኔን ሲጫነኝ የጭኔ ውስጠኛው ጡንቻ እንደ ጨርቅ ሲቀደድ የሰማሁ መሰለኝ፤ ሁለት ወር እግሬን እየጎተትኩ ነው የሠራሁት። «ስፕሊት ካልወረድሽ ከፍ አድርገሽ አትመቺም» ነበር ያለኝ። አሁን ስፕሊት አልወርድም፣ የሰው ደረት ግን እመታለሁ። ማንም ቢሆን ከኋላ እንዲጫናችሁ አትፍቀዱ። «በቃኝ» በሉ፤ ጎንበስ ብላችሁ በሉት ካስፈለገ።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ስንጀምር ወርሃዊው 800 ብር ነበር፣ ዛሬ 1,500 ነው፤ ለእናትና ልጅ 300 ብር ይቀንሳሉ። ይህ አያጣላንም፣ ያልጨመረ ምን አለ። ግን የቀበቶ ፈተና እያንዳንዱ 1,000 ብር እንደሆነ ያወቅኩት የፈተናው ሳምንት ነው፤ በዚያ ላይ እኛ ሁለት ነን። ዶቦኩን፣ የቴኳንዶ ልብሱን፣ ከክለቡ ካልገዛችሁ ይባላል፣ 3,200 ብር። ስታዲየም ዙሪያ ካሉት የስፖርት ዕቃ ሱቆች ያው ጨርቅ፣ ያው ስፌት፣ ጀርባው ላይ ያው የዛፍ ቅርጽ ጽሑፍ ያለበትን 2,300 ተብያለሁ። ስጠይቅ «ጥራቱ ይለያል» አሉኝ። የናቲ ሱሪ ጉልበቱ ላይ በስድስት ወሩ ተቀደደ።

ሦስተኛው የሴቶች ልብስ መቀየሪያ ነው፤ ማለቴ አለመኖሩ። ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል አለች፣ ቁልፍ የላትም። አንዷ ስትቀይር ሌላዋ በሩን ትይዛለች። ሻወር አለ፤ ውሃ በፈረቃ ነውና የእኛ ቀን ከውሃው ቀን ጋር ተገጣጥሞ አያውቅም። ከጠዋቱ ልምምድ ወጥታችሁ በቀጥታ ቢሮ የምትገቡ ከሆነ እርጥብ ፎጣና ሽቶ ያዙ፤ ባልደረቦቼን ይቅርታ የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ምንጣፉ እየተገጣጠመ የሚነጠፈው ስፖንጅ ነው፣ መጋጠሚያው ላይ ተላቋል፤ ትንሿ የእግር ጣቴ ሁለቴ ገብታበታለች።

ጾም። የጠዋቱ ክፍለ ጊዜ 12፡00 ሰዓት ነው የሚጀምረው፣ ለሥራ ሰው የሚመቸውም እሱ ነው። እኔ ግን ሁዳዴን እስከ ሰባት ሰዓት እጾማለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ልሞክር ብዬ ውሃ ሳልቀምስ ዘልዬ ዘልዬ ስድስት ሰዓት ላይ ቆጣሪ መስኮቴ ጋ ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ደንበኛው ብሩን ሦስቴ ቆጠረልኝ። ከዚያ ወዲህ 55ቱን ቀን በማታው እገባለሁ። ምሳ ላይ ምስር ወይ ሽሮ፣ ከልምምድ አንድ ሰዓት በፊት በሶ። ልጆቹ ስለ ፕሮቲን ዱቄት ያወራሉ፤ የአንዱ ጣሳ ዋጋ የሁለታችንን የወር ክፍያ ይበልጣል። በሶዬን በጥብጬ እጠጣለሁ፣ እስካሁን የጎደለኝ አልመሰለኝም። ክለቡን የማመሰግነው ለጿሚ ተብሎ የማታው ክፍለ ጊዜ በሁዳዴ ግማሽ ሰዓት ወደኋላ ስለሚገፋ ነው። ማንም ሳይጠይቃቸው ያደረጉት ነገር ነው።

ለውጡ ምንድን ነው ለምትሉኝ፦ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፣ 74 ኪሎ ነኝ። ስጀምር በጉልበቴ ተንበርክኬም አንድ ፑሽ አፕ አልወጣም ነበር፤ አሁን በእግር ጣቴ ቆሜ 22። ቅዳሜ ቅዳሜ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ እንሮጣለን። ዱባይ የምትኖር እህቴ ለገና መጥታ አብራኝ ወጣች፤ እዚያ በኤ ሲ ጂም ውስጥ በየቀኑ ትሮጣለች። ሁለተኛው ዙር ላይ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ እንደምንኖር እኛ እንረሳዋለን፣ ሳንባዋ ግን አልረሳላትም። በዘንድሮው የኅዳር ታላቁ ሩጫ ከ10ሩ ኪሎ ሜትር ሰባቱን ሳላቋርጥ ሮጥኩ፤ የቀረውን ከአንድ ጭፈራ ቡድን ጋር ነው የጨረስኩት፣ አልቆጥረውም።

ቀበቶዬ አረንጓዴ ነው። አንዴ ወድቄያለሁ፤ ዳን ጉን የሚባለው፣ 21 እንቅስቃሴ ያለው ንድፍ ላይ። ሕጉ የጀመራችሁበት ነጥብ ላይ ተመልሳችሁ መጨረስ ነው። እኔ ዓይኔን ከእግሬ ላይ ሳላነሳ ሠርቼ ቀና ስል ፈታኞቹ ጠረጴዛ ጋ ነበርኩ፤ አንዱ ብርጭቆውን ሰብስቦልኛል። ናቲ ያን ቀን አልፎ እኔ ወድቄ ቤት ስንሄድ ታክሲ ውስጥ እጄን ይዞ «እማዬ፣ ከባድ እኮ ነው» አለኝ። አሁን በቀበቶ በአንድ ይበልጠኛል፤ ቤት ውስጥ ግን ይህ እንደማይሠራ ተስማምተናል።

«ሌባ ትጥያለሽ ወይ» የምትሉኝ አላችሁ። አምና ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኬን ነጠቁኝ። ቢጫ ቀበቶ ነበርኩ። እርግጫ ትዝም አላለኝ፤ ከሆዴ «ሌባ!» ብዬ ጮህኩ፣ ስንመታ እንደምንጮኸው። ሌባው አልቆመም፤ ሰልፉ ግን በሙሉ ዞሮ እኔን አየ። ፍልሚያ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጋር ሦስት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ስትጋጠሙ ሁለት ደቂቃ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ታውቃላችሁ። የክለቡ ራስ መከላከያ የጋራ ነው፣ ሽታው ከቡጢው ይብሳል፤ የጥርስ መከላከያ የግላችሁን ግዙ።

እንግዲህ ለሦስታችሁም። መዋኛና ሙቅ ሻወር ያለው ጂም ለምዳችሁ ከሆነ እዚህ አትምጡ፣ ትናደዳላችሁ። ቀስ ብሎ የሚያስተምር ሰው ከፈለጋችሁ ግን ማስተሩ ባለበት ቀን፣ ሰኞና ረቡዕ ጠዋት ኑ፤ ዓርብ የረዳቶቹ ነው። ስትመዘገቡ የፈተናውን ክፍያ በወረቀት አስጽፉ። ለመጀመሪያው ወር ዶቦክ አትግዙ፣ ቱታና ቲሸርት ይበቃል። የእግር ጥፍር ቁረጡ፣ ቀለበት አውልቁ፣ ካልሲ ያንሸራትታል። ልብስ ስትቀይሩ በር የሚይዝላችሁ ሰው ይዛችሁ ኑ። ሰኞ ከሆነ እኔ እይዝላችኋለሁ።