ለጨጓራ ማሳነሻ ቀዶ ሕክምና ስንማከር

ባለፈው ሳምንት እህቴን ይዤ በለገጣፎ መንገድ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ክብደቷ ጉልበቷን ጨርሶታል፣ ስኳርም አለባት። ሐኪሙን ወደድኩት። አልተጣደፈም። ወረቀት ላይ ጨጓራ ስሎ፣ ዛሬ በብዛት የሚሠራው "ስሊቭ" የሚባለው እንደሆነ፣ ጨጓራው በስቴፕለር (በቀዶ ሕክምና መስፊያ መሣሪያ) እየተሰፋ 80 በመቶ ገደማው ተቆርጦ እንደሚወጣ፣ የወጣው ደግሞ ተመልሶ እንደማይገባ ቁጭ ብሎ አስረዳን። ሳይቆረጥ በስቴፕለር ብቻ የሚጠበበው የድሮው ዓይነት አሁን ብዙም አይሠራም አለን።

ቅር ያለኝ ሪሴፕሽን ላይ ነው። ገና ምርመራ ሳይጀመር ቀብድ ክፈሉ አሉን። ሆድ የሚከፈትለት ሰው እኮ ማሰቢያ ጊዜ ያስፈልገዋል! ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቫይታሚን፣ በተለይ ቢ12፣ ዕድሜ ልክ መከታተል እንዳለባትም የሰማነው እኛው ጠይቀን ነው። ይሄ ሳይጠየቅ መነገር ነበረበት። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈሳሽ፣ ከዚያ የላላ ምግብ ነው፤ እንጀራ ቆይቶ፣ በጣም በትንሹ። እህቴ ጾመኛ ስለሆነች የፕሮቲኑ ነገር አሳስቦኝ ስጠይቅ ግን ሐኪሙ ቀጠን ያለ ሽሮና የተፈጨ ምስር ጠቅሶ በደንብ መለሰልኝ።

ቀብዱን አልከፈልንም። እሱ ጋር ግን ሁለተኛ ቀጠሮ ይዘናል።