ስልክ ላይ የሚሰካው ማክሮ ሌንስ የእባብ ቅርፊት ለመቁጠር ይሆናል?

ውጤቱን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይሆናል። ከአምስት ሦስት ተኩል ሰጥቼዋለሁ።

የገዛሁት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ካሉት የሞባይል ዕቃ ሱቆች ባንዱ ነው። ብራንድ የለውም። ካርቶኑ ላይ «15 እጥፍ» ይላል፣ ዋጋው ከሺህ ብር በታች ነው። ሻጩ ልጅ «ለወርቅ ነው ወይስ ለቲክቶክ?» ሲለኝ የእባብ ቅርፊት ልቆጥርበት ነው አልኩት። «ወንድሜ፣ እንግዲህ ዋስትና የለውም» ብሎ ሳቀ።

የባዮሎጂ ሰው ላልሆናችሁ፣ እባብን ከእባብ ለመለየት ቀለም ብዙ አይታመንም። የሚታመነው ቁጥር ነው። ወገቡ ላይ ዙሪያውን ስንት የጀርባ ቅርፊት ረድፍ አለ፣ ከአንገት እስከ ፊንጢጣ ስንት ሰፋፊ የሆድ ቅርፊት አለ፣ ከዚያ ወዲያ ከጅራት ሥርስ? እፉኝት፣ ማለትም በብዙ ቦታ የምናውቃት ቢቲስ አሪየታንስ፣ ወገቧ ላይ ከ29 እስከ 41 ረድፍ አላት፤ የሆድ ቅርፊቷ ከ123 እስከ 147 ይደርሳል። በዚህ ላይ የከንፈር ቅርፊት ይቆጠራል፣ ፊንጢጣውን የሸፈነው ቅርፊት አንድ ነው ወይስ ለሁለት የተከፈለ ተብሎ ይታያል፣ የጀርባው ቅርፊት መሃሉ ላይ ሸንተረር አለው ወይስ ልሙጥ ነው ይባላል።

ሌንሱ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። የሆድ ቅርፊት መቁጠር ቀላል ይመስላል፣ ግን የመጀመሪያው የቱ ነው? ጉሮሮ ላይ ያሉት ትናንሾቹ ቀስ በቀስ እየሰፉ ስለሚሄዱ ሁለት ሰው ሁለት ቁጥር ይዞ ይመጣል። ብዙዎች የሚከተሉት እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የእባብ ተመራማሪው የዶውሊንግ ዘዴ፣ በግራም በቀኝም የጀርባውን የመጀመሪያ ረድፍ (ከሆዱ አጠገብ ያለውን) የሚነካውን ቅርፊት ነው አንድ ብሎ የሚጀምረው። ቀጭን እባብ ላይ ይህን በባዶ ዓይን መፈለግ ጣጣ ነው። አሁን ፎቶ አነሳለሁ፣ ስክሪኑ ላይ አሰፋለሁ፣ ቡናዬን እየጠጣሁ እቆጥራለሁ።

በተለይ እባብ ጥሎት በሄደው ቆዳ ላይ ግሩም ነው። ዘጌ ላይ ቡናው መሃል፣ የድንጋይ አጥር ሥር ይገኛል። ለብ ባለ ውሃ ነክራችሁ መስታወት ላይ ብትዘረጉት ጠፍጣፋ ስለሚሆን ሌንሱ ጥርት አድርጎ ያሳያል። የቅርፊቱ ቁጥር እንዳለ ይቀመጣል። ርዝመቱን ግን አትመኑ፣ ሲወልቅ ይለጠጣል፤ ቀለሙም አብዛኛው ይጠፋል። እኔ ከመንከሬ በፊት ቁራጭ ቆርጬ በደረቅ ፖስታ አስቀምጣለሁ፣ ምክንያቱም ከዚህ ቆዳም ዲኤንኤ ማውጣት ይቻላል።

ወደ ጉድለቱ ልሂድ። ሌንሱ የሚያየው ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ላይ ሲጠጉ ብቻ ነው። በሕይወት ያለ እባብ ላይ እንዳትሞክሩት! ከእፉኝት አፍንጫ ሥር ስልክ ደቅኖ የሚቆም ሰው ምክሬ አይጠቅመውም። አልኮል ውስጥ የቆየ ናሙና ላይ ደግሞ ያንፀባርቃል፤ በሶፍት አድርቁት ወይም ፈሳሹ ውስጥ እንዳለ አንሱት። ከሁሉ የሚያናድደኝ የፎቶው ዳር መጣመሙ ነው። መሃል ላይ ያለ ዓይን ትክክለኛ መጠኑን ያሳያል፣ ዳር ላይ ከሆነ ግን ይለጠጣል፤ የዓይንና የጭንቅላት መጠን ደግሞ ዝርያ ለመለየት የሚጠቅም ነገር ነው። ስለዚህ ለመቁጠር ተጠቀሙበት፣ ለመለካት ካሊፐር ያዙ።

ሌንሱን የማልወቅስበት ግን መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ይህን ገዝተው ሁለት ቅርፊት ትርፍ ሲያገኙ «አዲስ ዝርያ!» ብለው ቴሌግራም ላይ የሚለጥፉ ልጆች አሉ። ኧረ ረጋ በሉ። ወንድና ሴት እንኳ ይለያያሉ፤ በብዙ እባቦች ወንዱ ከጅራት ሥር ባለው ቁጥር ይበልጣል፣ ሴቷ በሆድ ቅርፊት። ቢቻል ከሁለቱም ፆታ በዛ ያለ ናሙና ያስፈልጋል። ሁሌ አይገኝም እርግጥ። የባሌዋ እፉኝት፣ ቢቲስ ሃሬና፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ስትሰየም መነሻዋ ሙዚየም ውስጥ የቆየች አንዲት ሴት ናሙና ነበረች፣ በሕይወት ያለች ደግሞ በ2013 ፎቶ ተነስታለች።

ቅርፊት ብቻውን የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ፣ ላምፕሮፊስ ኤርላንጌሪ ሲባል የኖረ እባብ አለ። ዘረመሉ ሲታይ ከደቡብ አፍሪካዎቹ ላምፕሮፊሶች ጋር ዝምድናው የሩቅ ሆኖ ተገኘ፣ እና እ.ኤ.አ. በ2022 ቦፋ የሚባል የራሱ ጂነስ (የሚቀራረቡ ዝርያዎች የሚመደቡበት ወገን) ተሰጠው። ይህን የትኛውም ሌንስ አያሳያችሁም። ከጉበት ወይም ከጡንቻ ትንሽ ቁራሽ፣ ፎርማሊን ሳይነካው (ዲኤንኤውን ያበላሸዋል)፣ ኢታኖል ውስጥ ይገባል። ከዚያ እንደ 16ኤስና ሳይቶክሮም ቢ ያሉ የሚቶኮንድሪያ (ሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ዘረመሎች ይነበባሉ። ሚቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ስለሆነ ለብቻው አያስተማምንም፤ የኒውክለስ ዘረመልም ይጨመርበታል። እነዚህ ከቅርፊቱ ቁጥር ጋር አንድ ነገር ሲናገሩ ያኔ እንነጋገራለን። ፈቃዱንም አትርሱ፤ የዘረመል ናሙና ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ይገዛል፣ ደጁ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። የአዲስ ዝርያ ስም የሚወጣበት ናሙና ደግሞ ቋሚ ማስቀመጫ ይፈልጋል፣ ለምሳሌ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሙዚየም። እናታችሁ ቤት ቁምሳጥን ውስጥ አይሆንም።

ወደ ሌንሱ ልመለስ። መቆንጠጫው ቶሎ ይላላል፣ ከስልኩ ካሜራ መሃል ሸርተት ይልና ግማሹ ፎቶ ይጠቁራል። ሱቁ አልቀይርም አለኝ፣ ዋስትና የለውም ተብሎ የለ። ላስቲክ አስሬበት እየሠራሁ ነው። አብሮት የሚመጣው ሰፊ ማዕዘን ሌንስ ለምንም አይረባም። አሁን እዚያው ሱቅ «1000 እጥፍ» የሚል የዩኤስቢ ማይክሮስኮፕ መጥቷል፤ አስሞክሬው ነበር፣ አንድ ቅርፊት ስክሪኑን ሞልቶት ጎረቤቱ የቱ እንደሆነ አይታወቅም፣ ለቆጠራ አትግዙት።