መደርደሪያዬ ላይ የሚቀሩት የድሮ ኮምፒውተሮች

ቤት ቀይረናል። አዲሱ ቤታችን እንደ ብዙ የለንደን ቤቶች ጠባብ ነው። ለእኔ ዕቃ የተፈቀደው አንድ መደርደሪያ ነው፤ በደንብ ከተደረደረ ሦስት ኮምፒውተር ይይዛል። ያለኝ ግን ሰባት ነው። ሁሉም የ1980ዎቹ የቤት ኮምፒውተሮች ናቸው (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። አብዛኞቹን ያገኘኋቸው ሰዎች ያገለገለ ዕቃቸውን በመኪና ጭነው መጥተው ሜዳ ላይ ከሚሸጡባቸው የእሁድ ገበያዎች ነው። ሁሉንም ከፍቻለሁ፣ አጽድቻለሁ፣ ጠግኛለሁ። ስለዚህ የትኛው ቤት ውስጥ ይቀመጥ፣ የትኛው ይሂድ የሚለውን በእጄ ካየሁት ተነስቼ ልንገራችሁ።

የዚህ አገር ሰው ስለነዚህ ማሽኖች ሲያወራ የሚጀምረው ከልጅነቱ ነው። አባቱ ለገና በዓል የገዛለት፣ ከወንድሙ ጋር የተጣላበት። እኔ አዲስ አበባ ሳድግ ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ሰው አላውቅም ነበር። በልጅነቴ ያልነካሁትን ዕቃ በትዝታ ልመዝነው አልችልም። የምመዝነው ዛሬ በሚሰጠኝ ነገር ነው።

ማታ ከሥራ ስመለስ ቁጭ ብዬ አንድ ነገር ልሠራበት እችላለሁ? ቢበላሽ በራሴ መበየጃ ይድናል? የራሴን ፊደል ያስጽፈኛል? ይህ የመጨረሻው ለሌላው ሰው ትርፍ ጥያቄ ሊመስል ይችላል፤ ለእኔ ዋናው ነው። ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚለዩበት የጋራ ሰንጠረዥ ዩኒኮድ ይባላል፤ የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። እነዚህ ማሽኖች ሲወጡ ዩኒኮድ ራሱ አልነበረም። ፊደላችንን ስክሪን ላይ ማየት የፈለገ ሰው ነጥብ በነጥብ ራሱ መሳል ነበረበት። ማሽኑ ለዚህ ምን ያህል እጁን እንደሚዘረጋ ሳይ ስለ ባሕርዩ ብዙ ይገባኛል።

የመጀመሪያው ቦታ የቢቢሲ ማይክሮ ሞዴል ቢ ነው። እዚህ ላይ አላመነታሁም። የካምብሪጁ አኮርን ኩባንያ ለቢቢሲ የኮምፒውተር ትምህርት ዘመቻ በ1981 መጨረሻ ያወጣው ማሽን ነው። ሞዴል ቢ መጀመሪያ 335 ፓውንድ ተባለ፤ ብዙም ሳይቆይ 399 ገባ። ለዚያ ጊዜ ከባድ ዋጋ ነው። ግን ትምህርት ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ ልጆች ሲደበድቡት እንዲውል የተሠራ ዕቃ ነው፤ ኪቦርዱን ስትነኩት ይገባችኋል። ቁልፎቹ ሙሉ ናቸው፣ ጠንካራ ናቸው፣ ዛሬም ብዙ ሰዓት ቢጻፍባቸው ጣት አያደክሙም።

ይበልጥ የምወደው ግን ውስጡ ያለውን ቤዚክ የተባለ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። የጻፈችው ሶፊ ዊልሰን ናት። የዚያ ዘመን ብዙ ቤዚኮች ወደዚህ መስመር ሂድ፣ ወደዚያኛው ተመለስ እያሉ ፕሮግራሙን ያወሳስቡታል። በዚህኛው ግን ለእያንዳንዱ ሥራ ስም ትሰጡትና በስሙ ትጠሩታላችሁ። አሴምብሊ (ፕሮሰሰሩን በቀጥታ የምታዙበት ቋንቋ) ካማራችሁም እዚያው ቤዚኩ መሃል ትጽፋላችሁ። ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር በኋላ አርም የተባለውን ፕሮሰሰር ሲነድፉ፣ እሷ አሠራሩን የሞከረችው በዚሁ በቢቢሲ ቤዚክ በጻፈችው ፕሮግራም ነው። የመጀመሪያው ቺፕ በ1985 ሠራ። የዛሬ ሞባይሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠሩት በዚያ ቺፕ ዘሮች ነው። ይህን እያወቅሁ ማሽኑን ከቤት ማስወጣት አይሆንልኝም።

ፊደል ለመሳልም ከሰባቱ የሚቀለው እሱ ነው። ቪዲዩ 23 የሚለውን ትእዛዝ ጽፋችሁ የፊደሉን ቁጥር፣ ቀጥሎ ስምንት ቁጥሮች ትጽፋላችሁ። አለቀ። እያንዳንዱ ቁጥር አንድ አግድም ረድፍ ነው። ሲከፈት 32 ፊደል ይፈቅድላችኋል፤ ትንሽ ሜሞሪ ከለቀቃችሁለት ከ200 ያልፋል። ልጄ በካሬ ደብተር ላይ የስሟን ሆሄያት ስላ፣ ጥቁር ካሬዎቹን እንደየቦታቸው ዋጋ 128፣ 64፣ 32 እያለች ራሷ ደምራ አስገባች። ኮምፒውተር በሁለት አኃዝ ብቻ ይቆጥራል የሚባለውን ነገር እኔ ሳላስረዳት እዚያው ተረዳችው። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ ማሽኑ ሲከፈት የሚገባበት የስክሪን አሠራር ሞድ 7 ይባላል፤ እሱ ላይ ይህ አይሠራም፤ የዚያ ሞድ ፊደል የሚመጣው ከሌላ ቺፕ ነው። ቀድማችሁ ሞድ 4 በሉት።

ልትገዙ ካሰባችሁ ደግሞ ይህን ሳታነቡ እንዳትሰኩት። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ሪፋ የሚባሉ፣ ቢጫማ አሳላፊ ሽፋን ያላቸው ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያከማቹ ትንንሽ ዕቃዎች) አሉ። ሽፋናቸው በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ እርጥበት ይገባቸዋል፣ ከዚያ አንድ ቀን ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ይጨሳሉ። ጭሱ ይከረፋል። መተኪያቸው ግን ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይወደድም። ሻጩ “ይሠራል” ቢላችሁም ቀይሩ። የግድግዳው ኤሌክትሪክ በቀጥታ የሚገባበት ክፍል ስለሆነ ልምድ ከሌላችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ሁለተኛው ኮሞዶር 64 ነው። በ1982 በ595 ዶላር ወጣ፤ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ በዚያ ዋጋ መስጠት ያን ጊዜ አፍ የሚያስከፍት ነገር ነበር። የኩባንያው አለቃ ጃክ ትራሚየል ከአውሽቪትዝ የተረፈ ሰው ነው። ኮምፒውተር የጥቂት ባለጸጎች ሳይሆን የሁሉም ሰው ይሁን ይል ነበር፤ ይህ ማሽንም ያንን አድርጎታል።

እኔ የማስቀረው ለድምፁ ነው። ሲድ የተባለውን ቺፕ የነደፈው ቦብ ያንስ ነው። ሦስት ድምፅ በአንድ ጊዜ ያወጣል፤ የእያንዳንዱ ድምፅ ከፍታ ከ65,000 በላይ ደረጃ አለው። ስለዚህ በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መካከል ያለውንም ድምፅ ታገኛላችሁ። ክራር የሚቃኘው በጆሮ ነው፤ የፒያኖ ልክ ሁልጊዜ አይገጥመውም። ቁጥሩን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያደረግሁ አንቺሆዬን በሲድ ቃኝቻለሁ። የሚያምር ነገር ወጣው። ላፕቶፕ ላይ የድሮውን ማሽን በሚያስመስለው ፕሮግራም፣ በኢሙሌተርም ሞክሬዋለሁ፤ ጥሩ ነው፣ ይቀርባል። ግን 6581 የሚባለው የሲድ ዓይነት የድምፅ ማጣሪያ ከቺፕ ቺፕ ይለያያል። የእኔው ወፈር፣ ጠቆር ያለ ድምፅ አለው፤ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም።

በፊደሉም ያስደስታል። የፊደል ሰሌዳው 256 ቦታ አለው። የእኛ 33 ሆሄያት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ሙሉው ገበታ ይገባል፤ 25 ቦታ ይተርፋል። ለአራት ነጥብ፣ ለነጠላ ሰረዝና ለአሥሩ አኃዞች ይበቃል። ጠቅላላው 2 ኪሎባይት ነው። 53272 በተባለው የሜሞሪ ቦታ ላይ ፖክ በሚለው ትእዛዝ ቁጥር አስገብታችሁ የሰሌዳውን ቦታ ስትነግሩት ስክሪኑ በሞላ በአንድ ጊዜ ግዕዝ ይሆናል። ይህን ሳይ የምደሰተው ደስታ ዛሬም አልቀነሰም።

ጣጣ የለውም ማለት አይደለም። ማሽኑ የሰሌዳውን ሁለተኛ አጋማሽ የያዘው ለተገለበጠ የፊደል መልክ ነው። ጠቋሚው ብልጭ ባለ ቁጥር ከሥሩ ያለውን ሆሄ ቁጥር በ128 ይለውጠዋል። ሁለቱንም አጋማሽ በፊደል ስትሞሉት ጠቋሚው ያረፈበት ሆሄ ሌላ ሆሄ እየሆነ ይመላለሳል። መፍትሔው የማሽኑን ጠቋሚ አጥፍቶ የራስን መሥራት ነው። ስምንት በስምንት ነጥብም ለፊደላችን ይጠባል። “በ” እና “ለ” ቆንጆ ሆነው ይወጣሉ። “ጨ” ግን እግሮቹ ይጣበቁበታል፤ ከርቀት ካልሆነ አይነበብም።

የ64ቱ ገዳይ የገዛ ፓወር ሰፕላዩ ነው። የድሮው ጥቁርና ከባድ ሳጥን ውስጡ በደረቅ ሙጫ የተሞላ ስለሆነ ከፍቶ መጠገን አይመችም። ሲያረጅ 5 ቮልት መስጠት የነበረበት መስመር ሽቅብ ይወጣና የሜሞሪ ቺፖቹን ይጨርሳቸዋል። ዛሬ ተሠርቶ የሚሸጥ አዲስ ግዙ። ከማሽኑ ጋር የመጣውን፣ የሚሠራ ቢሆንም፣ አትጠቀሙበት።

ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው የተቸገርኩት። አሚጋ 500 ወይስ ስፔክትረም?

በማሽንነት ከሆነ ሁለቱ አይወዳደሩም፤ አሚጋው በብዙ ይበልጣል። በ1987 የወጣው አሚጋ 500 የሞቶሮላ 68000 ፕሮሰሰር፣ 512 ኪሎባይት ሜሞሪ፣ 4096 ቀለም፣ አራት የድምፅ መስመር አለው። መስኮትና ማውስም አለው። ግን የሚገርመው ይኸው ብልጫው ነው የጎዳው። አሚጋው ላይ የምሠራው ሥዕልና ሙዚቃ ላፕቶፔ ላይ ከምሠራው ጋር በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ ጥቂት እቆይና ወደ ላፕቶፑ እመለሳለሁ። ቦታም ይፈልጋል፤ ማውስ አለ፣ ሞኒተር አለ፣ የፍሎፒ ክምር አለ። ሆዱ ሥር ባለችው ክዳን ውስጥ የምትገባው የሜሞሪ መጨመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አለ። ባትሪው በዕድሜ ያፈስና የመዳብ መስመሮቹን ይበላል። 500 ፕላስ የሚባለው ደግሞ ባትሪው ዋናው ቦርድ ላይ ስለሆነ ጉዳቱ ይብሳል። አሚጋ ካላችሁ ዛሬውኑ ክፈቱና ባትሪውን ቆርጣችሁ አውጡ።

እንዲህም ሆኖ አንጀቴን በላኝ። ውሳኔውን ያቀለለልኝ አንድ ክራር የሚጫወት ወዳጄ ነው። ቤቴ በመጣ ቁጥር የሚቀመጠው አሚጋው ጋ ነው። የክራሩን ክሮች አንድ በአንድ ቀድቶ በአራቱ መስመር ይደረድራቸዋል፤ ድምፁ ሻካራ ነው፣ ግን ሕይወት አለው። ማሽኑ የሚገባው እሱ ዘንድ ነው። ሰጥቼዋለሁ።

የቀረው ዜድኤክስ ስፔክትረም 48 ነው። ክላይቭ ሲንክሌር በሚያዝያ 1982 ያወጣው፣ 175 ፓውንድ የተሸጠ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ ከተማ በታይሜክስ ፋብሪካ የተገጣጠመ። ርዝመቱ 23 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 14 ነው፤ ከመጻሕፍት መሃል ይገባል። የሪክ ዲክንሰን ንድፍ ዛሬም ዓይን ይስባል። የጎማ ቁልፎቹ ለመጻፍ ይከብዳሉ፤ እውነቱ ይነገር። ግን ፒ የምትለዋን ስትጫኑ ፕሪንት የሚለው የቤዚክ ትእዛዝ ሙሉውን ይወጣል። ትንሽ ልጅ ፊደል ሳይሳሳት ፕሮግራም ይጽፋል።

የራሳችሁ ለምትስሉት ፊደል የሚሰጣችሁ 21 ቦታ ነው። 21 ማለት ለእኛ ሦስት ቤት ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ከነሰባት ወገናቸው፣ አንድም ሳይተርፍ አንድም ሳይጎድል። ታዳጊ ልጅ በአንድ ጊዜ ሦስት ቤት እንዲያጠና የሚያደርግ ፕሮግራም ጻፍኩበት፤ ጥበቱ እንዲያውም ረዳኝ። ቀለሙ ላይ ግን አትድከሙ። በስምንት በስምንት ሳጥን ውስጥ ሁለት ቀለም ብቻ ስለሚፈቅድ ሁለት ነገር ሲነካካ አንዱ የሌላውን ቀለም ይወስዳል።

ኪቦርዱ ሥር ያለው ስስ ፕላስቲክ ይደርቅና ሪባኑ ይሰበራል። አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል፣ ርካሽ ነው፣ መቀየሩም ቀላል ነው። ምስሉን የሚልከው በቴሌቪዥን አንቴና መስመር፣ በቻናል 36 ነው። አዲስ ቴሌቪዥን ይህንን አይቀበል ይሆናል። ውስጡ ትንሽ ማስተካከያ ተበይዶለት በቪዲዮ ገመድ የሚያወጣ ሆኖ ቢሸጥላችሁ እሱን ምረጡ።

የተቀሩት ሦስቱ ብዙ አያነጋግሩም። ሲንክሌር ኪውኤል ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል፣ ሊነስ ቶርቫልድስም በወጣትነቱ የተጠቀመበት ማሽን ነው፤ እኔ ግን ከትንንሾቹ የቴፕ ካርትሪጆቹ ላይ ፋይል አንብቦልኝ ማመን አቅቶኛል። በውስጣቸው ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር ይፈራርሳል። ተሸጠ። ኮሞዶር ፕላስ 4 በ1984 የወጣ ነው፤ የ64ቱን ጌሞች አይጫወትም፣ ምስሉንና ድምፁን የሚያወጣው ቺፑ ይግላል፣ ቢሞት ኦሪጅናል መተኪያ እንደልብ አይገኝም። ለሙዚየም አቀርበዋለሁ፤ እናንተም እንዲህ ያለ ዕቃ ካላችሁ ጭናችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ፎቶ ልካችሁ ጠይቁ።

አምስትራድ ሲፒሲ 464 ጥሩ ማሽን ነው። ቤዚኩ ፈጣን ነው፣ የቴፕ ማጫወቻው ከኪቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፣ ሁሉም በአንድ ሶኬት ይሠራል። ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሞኒተሩ ስለሆነ ግን ያንን ትልቅ ሞኒተር ትቶ ማስቀመጥ አይቻልም። መደርደሪያዬ አይችለውም። የቴፑን ቀበቶ ቀይሬዋለሁ፣ የእኔው አረንጓዴ ስክሪን ንጹሕ ነው። የሚፈልግ ሰው ካለ በነጻ ይወስደዋል፤ ሁለቱን ሳይነጣጥል፣ በመኪና መጥቶ።