የመደርደሪያ ሥርዓት እንደ አገልግሎት፦ የአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ግምገማ

በአዲስ አበባ ስለሚገኝ አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ወንበሩን፣ መብራቱንና ኢንተርኔቱን ነው። እነዚህ ደኅና ናቸው። እኔ መመዘን የፈለግሁት ግን መጻሕፍቱ የተደረደሩበትን ሥርዓት ነው፤ የተፈለገው መጽሐፍ ካልተገኘ የአዳራሹ ምቾት ብዙም አይረባምና።

ቤቱ የሚሠራው አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባሳተመው አመዳደብ ነው። አመዳደቡ ዕውቀትን ከ000 እስከ 999 በሚደርሱ ቁጥሮች በአሥር ዋና ክፍሎች ከከፈለ በኋላ እያንዳንዱን መልሶ ለአሥር እየከፈለ ይወርዳል፤ የክፍፍሉም መነሻ ነገሩ የተጠናበት የዕውቀት ዘርፍ ነው። በዚህም ምክንያት ስለ ቡና የተጻፉ መጻሕፍት አንድ ቦታ አይገኙም፦ የዕፅዋት ሳይንሱ በ580ዎቹ፣ የአዝመራው ጉዳይ በ633.73፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በ334፣ ቡናውን ለመጠጥ የማዘጋጀቱ ኢንዱስትሪ ደግሞ በ663.93 ይቀመጣል። ብዙ አንባቢዎች በዚህ መበታተን ያማርራሉ። እኔ በበኩሌ ትክክል ነው እላለሁ፤ ሕይወት ያለው ተክልና ሰዎች በመተዳደሪያ ደንብ ያቋቋሙት ማኅበር የሚመሩበት ሥርዓት የተለያየ ስለሆነ፣ የዕፅዋት ተማሪ ከቡና አጠገብ ማየት የሚሻው ሌሎች ተክሎችን እንጂ የማኅበር ሒሳብ አያያዝን አይደለም። የተበተነውን የሚያሰባስበው በፊደል ተራ የተዘጋጀ ማውጫ ሲሆን፣ ዲዊም ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ከአመዳደቡ ጋር አያይዞታል። የዚህ ቤት ትልቁ ጉድለት ማውጫውን በአማርኛ አዘጋጅቶ በአንባቢው እጅ አለማስገባቱ ነው። «ቡና» ብሎ የመጣ ተማሪ አራቱንም ቁጥሮች በአንድ ገጽ ቢያገኝ ኖሮ ግማሹ ጥያቄ ወደ ባለሙያዎቹ ባልመጣ ነበር።

አመዳደቡ የተወለደበትን አገርና ዘመን አመለካከት ይዞ መምጣቱም አይካድም። ከሃይማኖት ክፍል ከ220 እስከ 280ዎቹ ያለው ለመጽሐፍ ቅዱስና ለክርስትና ሲሰጥ፣ እስልምና በ297 ብቻ ተወስኗል፤ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍም ከሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎች ጋር በ892.8 ሥር ተጣቧል። ቤቱ በሁለተኛው ላይ ያደረገው ማስተካከያ የሚመሰገን ነው፦ የአማርኛ ልብ ወለድና ግጥም ለብቻቸው፣ በአጭር ምልክትና በደራሲው ስም ፊደል ተራ ተደርድረዋል። ለአገር ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ቅድሚያ መስጠት ለሚፈልጉ አመዳደቡ ራሱ ይህን ስለሚፈቅድ፣ ደንብ ጣሰ የሚያሰኝ አይደለም።

በመደርደሪያው ላይ ደራሲዎች የተቀመጡት በራሳቸው ስም ነው፤ እንደሚገባውም ነው፣ የአባት ስም እኛ ዘንድ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለምና። ኮምፒዩተሩ ግን ሌላ ሕግ ይከተላል። ሶፍትዌሩ የቤተሰብ ስም ስለሚጠይቅ መዝጋቢዎች የመጨረሻውን ቃል እየወሰዱ ስለሚያስገቡ፣ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በአንዳንድ መዝገብ «ሥላሴ» በሚለው ሥር ተገኝተዋል፤ ይህ የአባታቸውን ስም ከሁለት ቈርጦ ግማሹን ማስቀረት ነው። በዚያ ላይ ማሽኑ «ኅሩይ»ንና «ህሩይ»ን እንደ ሁለት ሰው ይቈጥራል። ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን በፍለጋ ጊዜ አቻ አድርጎ እንዲያነብ ማድረግ ለአንድ ፕሮግራም ሠሪ ከባድ ሥራ ስላልሆነ፣ እስካሁን መቈየቱ ያስገርማል።

ባለሙያዎቹ ትሑታንና ሥራቸውን የሚያውቁ ናቸው። ያነበባችሁትን መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው እንዳትመልሱ፣ ጠረጴዛው ላይ እንድትተዉት ይጠይቃሉ፤ በተሳሳተ ቦታ የገባ መጽሐፍ ከጠፋ ስለማይለይ ጥያቄያቸው ተገቢ ነው።

በአጠቃላይ አባል መሆን ያዋጣል፤ በተለይ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ለሚያነብ። ሶፍትዌሩ እስኪስተካከል ድረስ የደራሲውን ስም በሀም፣ በሐም፣ በኀም እየጻፋችሁ ፈልጉ፤ እንዲያም ሆኖ ካልመጣ በአባት ስም፣ ከዚያም በስሙ የመጨረሻ ቃል ሞክሩ።