ዘጠኝ ወር በፕላትሌት፦ የአንድ ለጋሹና የተቀላቀለው ከረጢት

አፕላስቲክ አኒሚያ ይዞኝ መቅኔዬ ደም ማምረት ካቆመ ወዲህ፣ እዚህ ሜሪላንድ ዘጠኝ ወር ሙሉ ፕላትሌት፣ ማለትም ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን የደም ክፍል፣ ስወስድ ቆይቻለሁ። በሳምንት አንዴ፣ ሲብስም ሁለቴ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን፣ ከመውሰዴ በፊትና በኋላ ያለውንም ቆጠራ (በአንድ ማይክሮሊትር ደሜ ውስጥ ያለውን የፕላትሌት ብዛት) በደብተር እይዛለሁ። ይህን የምጽፈው አሁን ለጀመራችሁና ለአስታማሚዎቻችሁ ነው።

የሚመጣልኝ ሁለት ዓይነት ነው። አብዛኛው በአፌሬሲስ የተሰበሰበ ነው፤ አንድ ለጋሽ ማሽን ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀመጣል፣ ማሽኑም ፕላትሌቱን ለይቶ አስቀርቶ የቀረውን ደም ይመልስለታል። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ከረጢት ቢያንስ 300 ቢሊዮን ፕላትሌት መያዝ አለበት። ሁለተኛው ከተለመደው የደም ልገሳ የሚወጣ ነው። ከአንድ ሰው ደም የሚጠበቀው ቢያንስ 55 ቢሊዮን ስለሆነ የአራት፣ የአምስት ወይም የስድስት ሰው ተቀላቅሎ ይሰጣል። አለያየቱም ከአገር አገር ይለያያል። እዚህ ደሙ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ በኃይል ይሽከረከራል፤ በሁለተኛው ዙር ፕላትሌቱ ከረጢቱ ግርጌ ስለሚጋገር እስኪበተን ማረፍ አለበት። አውሮፓና ካናዳ በኃይል ማሽከርከሩን ያስቀድማሉ፤ ፕላትሌቱ ቀዩ ደም ላይ፣ ፍራሽ ላይ እንደተኛ ሰው ያርፋል፣ ብዙም አይነካም።

ነርሷ የአገር ልጅ ናት። ከመስቀሏ በፊት ከረጢቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ቀስ ብላ ታዘነብለዋለች። ብርዝ በመሰለው ቢጫ ውስጥ ጭስ የሚመስል ነገር ይጥመለመላል። «አዩት እትዬ? ሕይወት አለው» ትለኛለች። ፕላትሌቱ ቅርጹን ካጣ ያ ጭስ አይታይም።

ደብተሬ እንደሚለው፣ ጠዋት 6 ሺ ሆኜ የአንድ ለጋሹን ስወስድ ከሰዓት በኋላ 30 ሺን አልፋለሁ፤ የተቀላቀለው 25 ሺ አካባቢ ያደርሰኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የተቀላቀለ ሲመጣ ይከፋኝ ነበር። አንድ ቀን ይቀየርልኝ ብዬ ሌላው እስኪገኝ ድዴ ሲደማ ዋለ። ያን ማድረግ አልነበረብኝም። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመው ፕላዶ የተባለው ጥናት 1,272 ሕሙማንን በሦስት መጠን ከፍሎ ሲከታተል፣ ትንሽ የወሰዱትም ብዙ የወሰዱትም በደም መፍሰስ አልተለያዩም፤ በሦስቱም ቡድን 70 በመቶ ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የዚያኑ ጥናት መረጃ እንደገና ሲያዩት ደግሞ፣ ከአንድ ለጋሽ የመጣ፣ ትኩስና በደም ዓይነት የገጠመ ከረጢት ቆጠራውን የተሻለ ቢያነሳም የደም መፍሰሱን አልለወጠውም። እኔም የተቀላቀለውን በወሰድኩባቸው ሳምንታት ነስሩም የድዱም መድማት አልባሰብኝም።

ከአሰባሰቡ ዘዴ ይልቅ የከረጢቱን ዕድሜ እዩ። ፕላትሌት በተለምዶ ፍሪጅ አይገባም፤ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ እየተናወጠ በአብዛኛው አምስት ቀን ነው የሚቆየው። አምስተኛ ቀኑን የያዘ የአንድ ለጋሽ ከረጢት ከትኩስ ቅልቅል ያነሰ ያነሳኝ ብዙ ጊዜ ነው።

በስድስተኛው ወር ነገሩ ተለወጠ። 5 ሺ ሆኜ ወስጄ 6 ሺ። በማግስቱም እንደዚያው። ምርመራው ሰውነቴ በሰው ፕላትሌት ላይ ፀረ እንግዳ አካል እንዳበጀ አሳየ፤ ኤች ኤል ኤ በሚባለው፣ ሕዋስ ላይ በሚገኝ መለያ ላይ። ሦስት ልጅ ወልጃለሁ፣ እርግዝናም ለዚህ ያጋልጣል። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ትራፕ የተባለ ጥናት እንዳሳየው፣ ነጭ የደም ሕዋሱ ያልተጣራለት ፕላትሌት ከወሰዱት 45 በመቶው እንዲህ ያለ ፀረ እንግዳ አካል ሲያበጁ፣ ተጣርቶ ወይም በአልትራቫዮሌት ጨረር ታክሞ የተሰጣቸው ግን ከ17 እስከ 21 በመቶ ነበሩ። ማጣራት እንጂ ለጋሽ ማሳነስ ብቻውን ልዩነት አልጨመረም፤ የተጣራ ቅልቅልና የተጣራ የአንድ ለጋሽ ከረጢት ተቀራራቢ ነበሩ።

እዚህ ላይ ግን አፌሬሲስ ምትክ የለውም። ከእኔ ጋር የሚገጥም አንድ ሰው ተፈልጎ፣ ከእርሱ ብቻ ሙሉ ከረጢት መሰብሰብ አለበት። የመጀመሪያው የገጠመ ከረጢት ሲመጣ 5 ሺ የነበርኩት 38 ሺ ገባሁ። አለቀስኩ።

ሁለት ጊዜ ግን የሚገጥም ታጥቶ ሳልወስድ ቀርቻለሁ። ይህ መለያ በዘር ሐረግ ይወረሳል፤ ለእኔ የሚሆነው የአገሬ ሰው ዘንድ የመገኘት ዕድሉ ሰፊ ነው። ወንድሜ ልስጣት ቢልም ሐኪሞቹ ከለከሉት፤ ነገ መቅኔ የሚለግሰኝ እሱ ሊሆን ስለሚችል ሰውነቴ አስቀድሞ እንዳይቃወመው ነው። ስለዚህ የምለምነው እናንተን፣ ጤነኛ የሆናችሁትን የአገሬን ልጆች ነው። እዚህ አሜሪካ በሰባት ቀን አንዴ፣ በዓመት እስከ 24 ጊዜ ፕላትሌት መስጠት ይቻላል። ከመሄዳችሁ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት አስፕሪን አትውሰዱ።